የጥምቀት ጠላ የሚኮመጥጠው በፕላስቲክ በርሜል ነው ወይስ በጥድፊያ?

ይህን የመድረክ ውይይት (ክር) የከፈተው ጎንደር ከተማ ውስጥ የአንድ ጽዋ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ ያለ ሰው ነው። አመጣጡ ለጥያቄ ሳይሆን ለክስ ነበር። ጋን ትቶ ወደ ፕላስቲክ በርሜል የዞረ ቤት ሁሉ ጠላው ይኮመጥጣል፣ የወይራው ጢስ ጠረንም ጠፍቷል፤ ስለዚህ ለከተራና ለጥምቀት የሚጠመቀው የማኅበር ጠላ በጋን ብቻ ይሁን ብለን እንወስን የሚል ነው። 19 መልስ መጣለት። ቁም ነገሩ በየመልሱ ተበትኖ ስለቀረና ብዙው ደግሞ በእናቶች እጅ እንጂ በወረቀት ላይ የማይገኝ ስለሆነ፣ በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

1ኛው መልስ በጨዋ ደንብ አመስግኖ ጀመረና ከከሳሹ ጎን ቆመ። ሸክላ ያልባል፣ ላቡ ሲተን ጋኑ ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን ድፍድፉ (ገና ውሃ ያልተጨመረበት ወፍራሙ ጠላ) ሲፈላ የሚያወጣውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል አለ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚለውንም ጨመረበት። ስለ ላቡ ያለው ልክ ነው። ተረቱ ግን ስለ ማቅረቢያ ዕቃ እንጂ ስለ መጥመቂያ አይደለም፣ ይህንንም በኋላ 9ኛው መልስ ነግሮታል።

2ኛዋ ጋንንም ንጹሕ አድርገን አንሳለው አለች። ሸክላው ቀዳዳ ስላለው የአምናውን ጠላ ይጠጣል፤ አንዴ የኮመጠጠ ጋን ካልታከመ የሚቀጥለውንም ያኮመጥጣል። ሕክምናውን በዝርዝር ጻፈች። መጀመሪያ ትኩስ የግራዋ ቅጠል ጨምድዶ ከውስጥ እስከ ጥጉ ማሸት፣ በፈላ ውሃ ማለቅለቅ፣ 2 ቀን አፉን ወደ ፀሐይ አዙሮ ማድረቅ፤ ከዚያ በገል ላይ ፍም አድርጎ የወይራ ፍልጥ መጨመርና ጋኑን በላዩ ላይ መድፋት። ጢሱ ነጭ ሆኖ በአፉ ዙሪያ እስኪያፈተልክ፣ የጋኑ ሆድ በእጅ ሲነካ እስኪሞቅ ይቆያል። ይህ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አፍንጫ ሲያስገቡበት ኮምጣጤ ከሸተተ፣ ያ ጋን የእህል ማስቀመጫ ይሁን ብላ ፈረደች። ባሕር ዛፍ እንዳይታጠንበትም አስጠነቀቀች፤ ጠረኑ ሸክላው ውስጥ ገብቶ አይለቅም።

3ኛው አጭር ነው፤ መጠኑን በኪሎና በሊትር የሚነግረው ሰው ጠየቀ። እትዬ እያለ ነው የጠየቀው፣ 4ኛዋም እንደዚያው እንደ ታላቅ እህት መለሰችለት። የክሩ አከርካሪ ይህ መልስ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ስሌቷ 60 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ጋን ነው። ተወቅጦ የተነፋ የጌሾ ቅጠል 1 ኪሎ፣ ተሰባብሮ የተከተከተ የጌሾ እንጨት ግማሽ ኪሎ፣ የብቅል ዱቄት 2 ኪሎ፣ ለቂጣ የሚሆን ዱቄት 2 ኪሎ፣ ለእንኩሮ (በምጣድ ለሚታመሰው ፍርፍር) የሚሆን የአሻሮ፣ ማለትም የተቆላ እህል፣ ዱቄት 8 ኪሎ። ቅጠሉን በታጠነው ጋን ውስጥ ከ6 ሊትር ውሃ ጋር መበጥበጥና ከድኖ 3 ቀን መተው፤ ይህ ጥንስሱ ነው። በ3ኛው ቀን የጌሾው ሽታ ከሣር ሣርነት ወጥቶ ወደ መራራነት ሲሄድ፣ በስሱ ተጋግሮ ገና እርጥበት ያለውን ቂጣ ቆራርሶ ከብቅሉና ከጌሾ እንጨቱ ጋር መጨመር። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ከላይ አረፋ ይይዛል፤ ጆሮ ሲጠጋ ጢስ ጢስ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፅ ከሌለ ጥፋቱ የብቅሉ ነውና ወደ እንኩሮው ማለፍ ዱቄት ማባከን ነው አለች።

እንኩሮውን የገለጸችበት መንገድ ምጣዱ ዳር ያስቀምጣል። የአሻሮው ዱቄት በገበቴ ላይ ውሃ እየተረጨ ይታሻል። ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆየና በአውራ ጣት ሲጫኑት ከፈረሰ ውሃው በቅቶታል፤ ከጣት ጋር ከተጣበቀ በዝቶበታል፣ ሊጥ ሆኖ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። በጋለ ምጣድ ላይ በትንሽ በትንሹ ይደረግና እየተገላበጠ፣ ጓሉ ከሽምብራ ሳይበልጥ እየተፈረፈረ ይታመሳል። የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፍቶ የተቆላ ቡና የሚመስል ሽታ ሲመጣ ይወርዳል። ጥቁር ጠላ የሚፈልግም እዚህ ላይ ምጣዱን ይበልጥ አያግል፤ መልኩ ከአሻሮው አቆላል ነው የሚመጣው። አሻሮው ካረረ ጠላው የከሰል ምሬት ይይዛል፣ ይህን ምሬት ሌላ ነገር አያወጣውም። ከዚያ በሰፌድ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። መሞከሪያው የእጅ አንጓ የውስጥ ቆዳ ነው፤ እዚያ ላይ ሲያስቀምጡት ሙቀት ከተሰማ ጋን ውስጥ አይገባም። የ4ኛዋ ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ ከኮመጠጠ ወይም ሞቶ ከቀረ ጠላ ብዙው የሚበላሸው እንኩሮው በትኩሱ ሲገባ ነው፤ ሙቀቱ ጥንስሱን ያነሳውን እርሾ ይገድለዋል፣ ባዶውን ቦታ የሚያኮመጥጠው ይወርሰዋል። ይህ በጋንም በበርሜልም እኩል ይሆናል።

እንኩሮው ከገባ በኋላ ድፍድፉ ወፍራም ገንፎ ይመስላል። ሲነሳ እንዳይገነፍል ከአፉ በታች አንድ ስንዝር ይተውለትና በንጹሕ ጨርቅና በክዳን ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ቢያንስ ሳምንት ካለፈው በኋላ ወደ 40 ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፣ ደግሞ ይከደናል፣ ሲጠልል ከላይ ይቀዳል። የመጀመሪያው ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ዳግም ውሃ ቢጨመር ቅራሪ ነው፤ እሱም ለቤት ልጆችና ለሥራ ሰው የሚሆን ቀላል መጠጥ ነው እንጂ ለማኅበር አይቀርብም።

4ኛዋ ብቅሉ 3 ቀን ይዘፈዘፋል ብላ ጽፋ ነበርና 5ኛው በትሕትና አረማት። ገብስ 3 ቀን ውሃ ውስጥ ከተኛ ይታፈንና ይገማል እንጂ አይበቅልም። አንድ ቀንና ሌሊት ይበቃዋል፤ ከዚያ ውሃው ተጠንፍፎ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከላይ ድንጋይ ተጭኖበት ሞቅ ባለ ጥግ 3 ቀን ይቀመጣል። ሥሩ እርስ በርሱ ሲያያዝ ይፈታና በፀሐይ ይደርቃል። አረንጓዴ ጫፍ እስኪያወጣ ከተተወ ስኳሩን ለራሱ ይበላዋል። ደርቆ ሲታኘክ ጣፋጭ ካልሆነ ብቅል አይባልም፤ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ የያዘው ክፍልም ተለቅሞ መጣል እንጂ በመፍጨት አይሸፈንም። 4ኛዋ እርማቱን ተቀብላ አመሰገነች። በክሩ ውስጥ እንዲህ ያለ መተራረም የታየው እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረር እያለ ሄደ።

6ኛው ስለ እህሉ ነው። ጠላው የሚለያየው ከየት አገር እህል እንደመጣ ነው፤ ከወገራና ከዳባት የሚመጣው ገብስ ነው፣ የደምቢያው ዳጉሳ ነው፣ አርማጭሆ ማሽላ ይበዛል አለ። ዳጉሳ የገባበት ጠላ ጠቆር ይላል፣ ይጠነክራልም፤ የገብሱ ለስላሳ ነው። ከሁለቱ ቀላቅሎ መጥመቅ የሚሻለው ለማኅበር ነው ባይ ነው።

7ኛው ሁሉንም አደፈረሰው። ዘመኑ የፍጥነት ነው፣ 3 ሳምንት የሚጠብቅ የለም፤ ድፍድፉ ላይ 2 ኪሎ ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨምሩበት በ4 ቀን ይደርሳል አለ። 8ኛዋ ቀጥ ብላ መጣችበት። ያ ጠላ ሳይሆን የሆድ ሕመም ነው፣ በማኅበር ቤት እንዲህ ያለውን አስቀድቶ ለካህንና ለሽማግሌ ማቅረብ ነውር ነው፤ እጁን ድፍድፍ ውስጥ ነክሮ የማያውቅ ወንድ እዚህ ገብቶ አያስተምረን ብላ ደመደመች። 9ኛው ለ7ኛው ተቆርቋሪ ሆኖ ወንድ አትናገር ማለት ክርክር አይደለም አለ፣ በመካከሉም የ1ኛውን ተረት ነቀፈ። የቃሉ ጥንካሬ አልፎ አልፎ ከልክ ወጥቷል፣ ያንን እዚህ አላመጣውም።

10ኛው ረጋ ብሎ ምክንያቱን አስረዳ፣ ከዚህ ክር መነበብ ያለበት አንድ መልስ ቢጠየቅ ከ4ኛዋ ቀጥሎ ይህን እመርጣለሁ። ጠላን የሚያሰክረው ስኳር ከእህሉ ነው የሚወጣው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ነው፣ ይህ ደግሞ ቀን ይፈልጋል። የሱቅ ስኳር ሲጨመር እርሾው የቀረበለትን በልቶ ይጨርሳል፤ ጠላው ቶሎ አስካሪ ይሆናል፣ ግን እንኩሮው ሳይሟሟ እንደ ደለል ከታች ይቀራል። ያ ደለል ከ2 እና 3 ቀን በኋላ የማኮምጠጡ መነሻ ይሆናል። ጌሾውም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምሬቱ የሚያኮመጥጡትን ረቂቅ ነፍሳት የሚገታው ጥንስሱ ውስጥ ከተብላላ ነው፣ በጥድፊያ ከተጨመረ ቅጠል ሆኖ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በፕላስቲክ ላይ የተነሳው ክስ ለእሱ ግማሽ እውነት ነው። በርሜል የገዛ ቤት ሁሉ ከበርሜሉ ጋር ጥድፊያውንም ገዝቷል፣ ብዙ በአንዴ ለመጥመቅና ቶሎ ለመሸጥ።

እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። ክሱ በዕቃው ላይ ሲያርፍ ቀላል ይሆናል፤ ጋን ገዝቶ ጥፋቱን መቀጠል ይቻላልና።

11ኛዋ ጥድፊያውን ለማስቀረት ለጥምቀት የቀን ቆጠራ ሠርታ አመጣች። በጥር ጎንደር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ በሚያዝያ የሚበቃው ቀን በጥር አይበቃም። ታኅሣሥ 8 ገብሱ ይዘፈዘፍ፤ ታኅሣሥ 9 ጠንፍፎ ይጠቅለል፤ እስከ ታኅሣሥ 17 በቅሎ፣ ደርቆ ይፈጭ። ታኅሣሥ 20 ጌሾው ይጠንሰስ። ታኅሣሥ 23 ቂጣውና ብቅሉ ይግባ። ታኅሣሥ 26 እንኩሮው ገብቶ ይመረግ፤ ለገና መጣደፍ እንዳይኖር ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ መጨረስ ነው። ጥር 7 ውሃ ይጨመርበት። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ጠላው ጠልሎ ይገኛል፤ እስከ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ድረስም ጣዕሙን ይጠብቃል። ብርዱ ከበረታ ጋኑ በጆንያ ተጠቅልሎ ከምድጃው ግድግዳ ጎን ይቀመጥ እንጂ ከእሳቱ ፊት አይጠጋ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚሞቅ ጋን ሊሰነጠቅ ይችላል።

12ኛው ውሃውን አነሳ። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ሲሸት ጥንስሱን ያዳክመዋል፤ በሰፊ ዕቃ አፉ ተከፍቶ ቢያድር ሽታው ይለቃል። በጀሪካን ተጠራቅሞ የሰነበተ ውሃ ደግሞ ፈልቶ ቀዝቅዞ ይግባ። ይህን ያነሳ ሌላ ሰው አልነበረም፣ መነሳቱ ጥሩ ነው።

ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 13ኛው ጋን ከየት ይገዛል በሚል ወለቃን አነሳ። ከከተማው ሰሜን ያለችው መንደር የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መኖሪያ ነበረች፤ ብዙዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በዚያ መንገድ ዳር ጎልቶ የሚታየው ለጎብኚ የሚሠራው ትንንሽ ምስል ነው። ትልቅ ጋን የሚሠራ እጅ ከሌለ በጋን ብቻ ብሎ መወሰን ለማን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ጥያቄውም አግባብ ነው። አዲስ ጋን ሲገዙ በጣት አንጓ ማንኳኳት፣ ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው፣ ደፈን ካለ ስንጥቅ አለበት፤ ውሃ ሞልቶ 3 ቀን ማሳደር፣ ከዚያ በትኩስ አተላ አሽቶ ማሳደር፣ ከዚያ ብቻ ማጠን።

14ኛዋ ጠላ የማይጠጡ ሙስሊም ጎረቤቶች ለበዓሉ ሲመጡ ምን ይቀርብላቸዋል ብላ ቀሪቦን አስታወሰች። የተቆላ ገብስ በውሃ ተፈልቶ ይጠለላል፣ ስኳር ይጨመርበታል፣ ጌሾ አይገባበትም። እርሾ ከተጨመረበትና ከቆየ ግን አልኮል ያበጃልና፣ ለእነሱ የሚሆነው እርሾ ሳይገባ በዕለቱ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ነው ብላ አሳሰበች።

15ኛው ስለ አቀራረቡ ነው። ጠላ ቀጂው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ በግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ለእንግዳው በዋንጫ ወይም በአንኮላ የሚቀዳው። ንጹሕ መሆኑን በራሱ አፍ ማረጋገጡ ነው። የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) ሳይቀምስ ሌላው አይቀድምም፤ ጽዋው ተባርኮ ከዞረ በኋላ ነው ጨዋታውና ተረቱ የሚከፈተው፣ ሽማግሌዎቹ የሚያወጉትም በዚያ ሰዓት ነው። ዛሬ በየቦታው በፕላስቲክ ጆግ እየተቀዳ ቅምሻው መቅረቱን አልወደደውም። እኔም አልወደድኩትም፤ ቅምሻው ሰከንድ አይፈጅም፣ የሚቀርበትም ምክንያት የለም።

16ኛዋ የመድረኩን ሙቀት ወደ ላይ መለሰችው። ሽማግሌዎቹ ስለ ወጉ ሲያወሩ ጋኑን የሚሸከመው፣ የሚያጥነው፣ ከምጣድ ፊት የሚጠበሰው ማን ነው አለች። 60 ሊትር የያዘ ጋን ሲሰበር ድፍድፉ ብቻ ሳይሆን እግር ይጎዳል፤ በርሜል ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ይታጠባል። ጋን ይሁን የሚል ማኅበርተኛ ወይራውን ፈልጦ፣ ጋኑን ገልብጦ አጥኖ ያሳይ፤ ካልሆነ ዕቃውን ለምትጠምቀው ሴት ይተውላት ብላ ጻፈች። ይህን የሚያፈርስ መልስ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ልክ ናት።

17ኛው ሁለቱን አስታረቃቸው፤ የመጣው በሥራ ነው። ጥንስሱ ብቻ ትንሽ ዕቃ ነው የሚፈልገው፤ እንስራ ይበቃዋል፣ እንስራ ደግሞ ለማጠንም ለማንሳትም ቀላል ነው። ስለዚህ ጌሾው፣ ቂጣውና ብቅሉ በወይራ በታጠነ እንስራ ይጠንሰስ፤ እንኩሮው የሚገባበት ቀን ሲደርስ ወደ በርሜል ይገልበጥ። ጢሱን ጥንስሱ ይዞት ይገባል፣ ሙሉ ባይሆንም ይሰማል። በርሜሉ ግን ከዚህ በፊት የምግብ ነገር የያዘ መሆን አለበት፤ ቀለም፣ ሳሙና ወይም ኬሚካል የነበረበት በምንም አጠባ አይጠራም። ፕላስቲክ ስለማይታጠን በፈላ ውሃና በግራዋ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ውስጡ በሽቦ ከተፋቀ ጭረቱ የኮመጠጠውን ይደብቃልና በጨርቅ ብቻ ይታጠብ። ሙቀት ስለሚይዝ ከምድጃ ይራቅ፣ እርጥብ ጆንያ ይልበስ። ክዳኑም ጥርቅም ብሎ እንዳይጠመዘዝ፤ ድፍድፉ ሲነሳ የሚወጣው አየር መውጫ ካላገኘ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። አንድ ዙር ላላ ማድረግና በላዩ በእርጥብ ጨርቅ ማሰር ይበቃል። ከተመረገ በኋላ በየቀኑ እየከፈቱ ማየት ግን በጋንም በበርሜልም ክልክል ነው፤ አየሩ ሲገባ ጠላው ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል።

18ኛው መልስ የክሩ ከፋች ራሱ ነው። በጋን ብቻ የሚለውን ሐሳብ አነሳ፤ በምትኩ የ11ኛዋ የቀን ቆጠራና የ17ኛው አሠራር ለማኅበሩ እንዲቀርብ፣ ወይራውን ማቅረብና ዕቃ ማጓጓዝ ደግሞ በወንዶቹ ተራ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ አለ። ለ16ኛዋም በአክብሮት ምላሽ ሰጠ። ቀጥሎ ይኸው ቆጠራ ለፋሲካ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ።

19ኛዋ እንደማይሠራ ነገረችው። ፋሲካ የሚውለው ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ጥንስሱ በ2 ቀን ይነሳል፣ ድፍድፉም 11 ቀን ከተተወ ያልፍበታል፤ 5 ወይም 6 ቀን ይበቃዋል። ውሃው ከገባ በኋላ በማግስቱ ይጠልላል። ጌሾው በሩብ ያህል ይጨመርለት፣ ሙቀት ላይ የሚጠብቀው እሱ ነውና፤ ዕቃው ደግሞ ከጓዳው ወለል ላይ በቀዝቃዛው ጥግ ይቀመጥ። ሕማማት ሰኞ ተመርጎ ቅዳሜ ማለዳ ውሃ ከተጨመረበት እሑድ ይቀዳል።